ሁለተኛው ቅጂ

፩

የድሮው ቅጂ ይህ ነው። በር ሲጥ ይላል። ቁልፉ ገና ከቀዳዳው ሳይወጣ የልጅ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶውን እየመታ ይደርሳል። «አባቢ መጣ!» በበሩና በጩኸቱ መካከል ግማሽ ሰከንድ እንኳ የለም።

የድምፅ ባለሙያው ናሁሰናይ ያን ቀን አዲስ መቅጃ ሊሞክር እንጂ ልጁን ሊቀዳ አላሰበም። ሕሊና ሦስት ዓመቷ ነበር። እሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባ ነበር።

፪

ጩኸቷ እሱ የሚሠራበት የቪዲዮ ጌም ውስጥ ገባ። የጌሙ ባለታሪክ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ተጫዋቹ ጭነቱን አድርሶ ቤት በተመለሰ ቁጥር አንዲት ልጅ እየሮጠች ትወጣለች።

«አባቢ መጣ!»

ቢሮው ውስጥ ይህን ሰምቶ ፈገግ ያላለ አልነበረም።

፫

ጌሙ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

ከጥምቀት በፊት፦ «ይቺን ሳምንት ብቻ ቻሉኝ።»

ከፋሲካ በፊት፦ «ይቺን ሳምንት ብቻ።»

ከእንቁጣጣሽ በፊት፦ «ይቺን ሳምንት።»

በሚቀጥለው ጥምቀት ሚስቱ ትርሲት ቀደመችው፦

«አውቃለሁ።»

፬

በዚያ ሁሉ ጊዜ ናሁሰናይ በቀን ብርሃን ቤቱ ደጃፍ የታየው ቻርጀር ወይም መታወቂያ ሲረሳ ነው። ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል፤ እሱ በሩ ላይ እንደቆመ የረሳውን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ይመለሳል።

እኔ ጸሐፊው ይህን ቁራጭ የት እንደማስገባው ስላላወቅሁ እዚህ ትቼዋለሁ።

፭

ጌሙን የገዛው ድርጅት ጻፈ፦ በሁለተኛው ምዕራፍ የሹፌሩ ልጅ ትደግ፤ ስድስት ዓመት ይሁናት። ሕሊናም ስድስት ሞልቷት ነበር። ቅዳሜ ወደ ስቱዲዮ ይዟት መጣ። አለቃው ይድነቃቸውም አብሮ ገባ።

ይድነቃቸው፦ ሕሉዬ፣ አባትሽ ከሥራ ሲመጣ እንደምትዪው በይልኝ።

ሕሊና፦ ሲመጣ ተኝቻለሁ።

ይድነቃቸው፦ (እየሳቀ) ባትተኚስ?

ሕሊና፦ አባቢ መጣ።

ይድነቃቸው፦ ደስ ብሎሽ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።

ሕሊና፦ ደስ ብሎኛል።

ናሁሰናይ የድሮውን ከፍቶ አሰማት።

ሕሊና፦ ይቺ ማን ናት?

ናሁሰናይ፦ አንቺ ነሽ።

ሕሊና፦ ታስቃለች።

ይድነቃቸው፦ ናሁ፣ እዚህ አይሆንም። ሰኞ በጊዜ ውጣና ቤት ሳታውቅ ቅዳት። አይዞህ፣ የኔዋ እኔን ስታይ ስልኬን ነው የምትቀማው።

፮

የሌለ ድምፅ መሥራት የናሁሰናይ እንጀራ ነው። ነጎድጓድን በቆርቆሮ፣ እሳትን በፌስታል ይሠራል። ይቺን ጩኸት ግን በምን እንደሚሠራት አላወቀም። ሌላ ልጅ ቢያስቀርጽ ጌሙ አይጎድልበትም፤ እሱ ማወቅ የፈለገው ግን ያ ጩኸት ልጁ ውስጥ አሁንም መኖሩን ነው።

፯

ልጅን ሳታውቅ ለመቅዳት፦

መቅጃውን ከሸሚዝህ ኪስ ክተት። ስልክህን ዝጋ። ለእናቷም አትንገር። የገዛህላትን ብርቱካን ከፌስታሉ አውጥተህ በእጅህ ያዝ፤ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ቁልፉን እንደ ድሮው አዙር።

ጠብቅ።

፰

[በር።]

[ነጠላ ጫማ፣ እየሮጠ።]

[ነጠላ ጫማ፣ ቆሞ።]

ሕሊና፦ አባቢ።

[የማቀዝቀዣ ድምፅ።]

ሕሊና፦ ምን ረሳህ?

[የማቀዝቀዣ ድምፅ።]

ሕሊና፦ ቻርጀሩን ነው? ቆይ፣ እኔ ላምጣልህ። ታክሲው ይሄድብሃል።

[ነጠላ ጫማ፣ ወደ ውስጥ፣ እየሮጠ።]

ናሁሰናይ፦



ቅጂው ከዚህ በኋላ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይቀጥላል።