የተኛ ፊት

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። አንዳንዱ ቅጥነቷን አይቶ ነው ይላል፤ ሌላው ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሙ የወጣው ለምላሷ ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ወገብ ስትለካ ሜትሩን ጠበቅ ታደርግና «ባለፈው ሱሪህን ነው ያሰፋሁልህ ወይስ አንተን?» ትላለች። ሰውየው ይስቃል፣ ልብሱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የሚወጋው ቤቱ ሲደርስ ነው።

እንዲህ ሰው ስትወጋ ትኑር እንጂ የራሷም ጉድ አላት። ጉንጮቿ ላይ፣ ግራና ቀኝ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ማድያት ተቀምጧል። እሱን ለማባረር ጓዳዋ ውስጥ ያልሞከረችው ነገር የለም። ድንች ፍቃ ለጥፋለች፤ ቲማቲም አሽታ ተቀብታለች። የእንቁላል ነጭ መትታ የተቀባች ቀን ደርቆ ፊቷን ሲጨመድዳት ሰው በር አንኳኳባትና አፏን መክፈት አቅቷት በእጇ ምልክት አናገረችው፤ ሰውየው ጥርሷን አሟት ነው ብሎ አዝኖ ሄደ። አንዴ ደግሞ ሎሚ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ልብስ ስታሰጣ ዋለች። ቢራቢሮው እንኳን ሊበር፣ ጭራሽ ጎጆ ቀለሰ።

በመጨረሻ የጸናችው በአንድ ነገር ነው። የአጃ ዱቄት፣ ማር፣ እርጎ፣ ከላይ ቁንጥር እርድ። አጃውን አታደቀውም፤ ጣት ላይ ሻከር እንዲል ትተወዋለች። ማድያቱን አላጠፋላትም፣ እውነት ለመናገር። ቆዳዋን ግን እንደ ሕፃን ቆዳ አለስልሶታል። «እስቲ ንኪው» ሳትባል በደጇ ያለፈች ሴት የለችም።

ይህ ውህድ ከማድያቱ በፊት የመጣ ነው። ታናሽ እህቷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ጉድፍ ወጣባት። እናታቸው አርፋለች፤ ልጅቷን የምታስታምመው እትዬ ናት። ልጅቷ ፊቴን ካልቧጨርኩ ብላ ታለቅሳለች፤ በወተት የተቀቀለ አጃ ሲሰጧትም አልበላም ትላለች። እትዬ ቢመራት፣ ቢመራት፣ «በቃ፣ አንቺ ካልበላሽው ፊትሽ ይብላው!» ብላ የቀዘቀዘውን አጃ ለቀለቀቻት። ማሳከኩ በረደ። ልጅቷ ደስ ብሏት መለፍለፍ ስትጀምር ግን የደረቀው መሰነጣጠቅ ጀመረ። እትዬም ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እሽሽ! ፊትሽ ተኝቷል። ካወራሽ ይነቃና ያለቅሳል» አለቻት።

ልጅቷ አመነች። ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ደንብ ሆኖ ቀረ። የሚቀባ ሰው «ፊቴን ላስተኛ» ይላል። እስኪታጠብ ድረስ አይወራም፣ አይሳቅም። የሚያጥበው ሰው ደግሞ፣ ቀትርም ቢሆን፣ «ፊትሽ ነቃ፣ ደህና አደርሽ?» ይላል። በዓለም ላይ ይህን ቋንቋ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ትንሿ አድጋ ዋናው መንገድ ላይ የውበት ሳሎን ከፈተች። እቤት ሚጣ ናት፤ እዚያ ማዳም ናት። ፊቷ ላይ አንዲት የጉድፍ ጠባሳ የለም። ሳሎኑ የተከፈተ ሰሞን እትዬን እጇን ይዛ ወደ ኋላ ወሰደቻትና በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ አሳየቻት።

«ይሄ ያንቺ ነው፣ እትዬ። አልጋ እናስገባለን፣ አንቺ የሰው ፊት ታስተኛለሽ። እስከ መቼ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰሽ ትኖሪያለሽ?»

ይህ ለእትዬ ቀልድ አልነበረም። ዓይኗ እየደከመ ነው። ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ጎረቤት መጥራት ጀምራለች፤ «መርፌ» የተባለች ሴት መርፌ ማየት ሲያቅታት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ናት የምታውቀው። ያቺ ጥግ የእርጅናዋ መቀመጫ ነበረች። የዚያኑ ሳምንት አረንጓዴ ጨርቅ ገዛችና ለጥግዋ መጋረጃ ሰፋች፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ከታች በዘርፍ ጨረሰችው። ስንት ዘመን ለሰው ስትሰፋ ኖራ፣ ለራሷ ብላ ስፌት የጨረሰችው ያኔ ነው።

ታዲያ ነገሩ እየተገፋ ሄደ። ሚጣ «ለደንበኞች ላስሞክር» ብላ አንድ የማርማላታ ብልቃጥ ሙሉ ወሰደችና ፊቷን ቅጭም አድርጋ ተመለሰች።

«እትዬ፣ አልወደዱትም። የጓዳ ነገር አንፈልግም አሉ። እነሱ ክዳኑ ላይ የቆንጆ ሴት ፎቶ ያለበት ነገር ነው የሚፈልጉት።»

«ምን አሉ ቆይ? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል አሉ።»

«ሰላጣ! እርጎና ማር ውስጥ ሰላጣ ከየት መጣ? አፍንጫቸውን ይታጠቡ በያቸው!»

«ትንሽ እንታገሥ፣ እስኪለምዱ። ለኔ ግን እንዳታቋርጪብኝ። ያለሱ ፊቴ ያሳክከኛል።»

እትዬ ስቃ ተወችው። ሲያማት ትስቃለች፤ ልማዷ ነው። የመጨረሻዋ ቃል ግን አንጀቷን በላችው። ሚጣዋን ዛሬም የሚያሳክካት መሰላት። ከዚያ ጀምሮ ሚጣ በየሳምንቱ ባዶ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፣ ሙሉ ይዛ ትሄዳለች። ብልቃጡ ወደ ትልቅ ጠርሙስ ተለወጠ። ጠርሙሱ ባለክዳን ባልዲ ሆነ። የባልዲው ማንጠልጠያ ሲበጠስ እትዬ ራሷ በሰማያዊ ክር ጠምጥማ ጠገነችው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እስከ ጉልበትሽ ወረደ እንዴ?»

«አንገቴንም እየቀባሁ ነው፣ እጄንም።»

«እግርሽን ስትጀምሪ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ ላም ልግዛ።»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። ወይም እትዬ እንደዚያ መሰላት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ቀሚስ ይዛ መጣች። እትዬ ስፒሎች ጥርሷ መሃል ነክሳ ወገቧ ላይ ጎንበስ አለች።

«ትንሽ ልቀቂልኝ፣ እትዬ።»

«ልልቀቀው እንጂ፤ እኔ ካልለቀቅሁት ራሱ መንገድ ላይ ይለቅሻል።»

ሴትየዋ ሳቀችና ቶሎ ብላ ጉንጮቿን በመዳፏ ያዘች። «አታስቂኝ እባክሽ! ፊቴን አስተኝቼ መምጣቴ ነው፤ እንዳይሸበሸብብኝ።»

እትዬ አንዱን ስፒል ልትውጠው ምንም አልቀራት። ቀና ብላ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ምንሽን አልሽ?»

«ፊቴን። አልሰማሽም እንዴ? ዋናው መንገድ ላይ ማዳም ጋ! ኋላ መጋረጃ ያለባት ጥግ አለች፤ እዚያ ያስተኙሻል። እንዳታወሪ፣ እንዳትስቂ ይሉሻል። ከዚያ ስትታጠቢ፣ ‹ፊትሽ ነቃ፣ ደህና አደርሽ?› ትልሻለች። እንዴት ደስ እንደሚል! ውጭ አገር አንዲት ትልቅ ባለሙያ ናት አሉ ያስተማረቻት። ወረፋው ግን አይጣል ነው።»

እትዬ ቀሚሱን ስትሰፋ ወገቡን ከልኩ በላይ ለቀቀችው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከእሷ መኪና ወጥቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ለእህቷ ምክንያት ስትፈልግ ዋለች። ምናልባት ልታስደንቀኝ ነው። ደንበኛው ከበዛ በኋላ ጠርታ «ነይ፣ ተቀመጪ» ልትለኝ ነው። ሴትየዋም አጋና ይሆናል፤ ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ነገር ያጋንናል። ለምን ያጋንናል ቢሏት ግን መልስ የላትም።

በማግስቱ ሚጣ ለምሳ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቃ ወደ ሳሎኑ ሄደች። በር ላይ የተቀበለቻት አዲስ የተቀጠረች ጸጉር አጣቢ ናት፤ አታውቃትም።

«ምን እንታዘዝ፣ እናቴ?»

«ፊቴን ላስተኛ ነበር።»

ሴትየዋ እንደ ተራ ነገር ራሷን ነቀነቀች። «ግቢ። ማዳም ምሳ ወጥታለች። እኔ እቀባሻለሁ፤ የምታነቃሽ ግን እሷ ናት።»

አረንጓዴው መጋረጃ ተሰቅሏል። እትዬ ዘርፉን በጣቷ ዳበሰችው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። አልጋው ገብቷል። ከአልጋው አጠገብ ማንጠልጠያው በሰማያዊ ክር የተጠመጠመ ባልዲ ተቀምጧል። ቢሆንም ተጋደመች። አጣቢዋ እስከ አገጯ ነጭ ጨርቅ አለበሰቻት፣ ጸጉሯን አሰረችላት፣ ቀባቻት፣ ዓይኖቿ ላይ ቁራጭ ኪያር አስቀመጠችላት። አጃው ጉንጯ ላይ ሻከር አለ። የገዛ እጇ ዳበሳት ማለት ነው።

«እንግዲህ አታውሪ፣ አትሳቂ። ፊትሽ ተኝቷል።»



አፍታ ሳይቆይ የሚጣ ድምፅ ገባ። የጫማ ተረከዟን እያንቋቋች፣ ሰላምታ እያደለች ጥግዋ ድረስ መጣች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ጎብኝታ መልሳ ለቀቀችው። የተለቀለቀ ፊት ሁሉ አንድ ነው። ያሳደገቻትን ሴት አይታ፣ ሳታያት ተመለሰች።

ጸጉሯን ለማድረቅ ካስክ ውስጥ የተቀመጠች አስተማሪ አለች። ካስኩ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ እሷም እንደ ክፍል ውስጥ ትጮኻለች።

«ማዳም፣ ይሄን ነገር ቤቴ ብሠራውስ? አጃና ማር ነው ይላሉ!»

«ኧረ እንዳትሞክሪው! እኔ ተምሬው ነው። አንዲት ዘመዴ አለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የጓዳ ነገር ስትለጥፍ የኖረች። ፊቷን ብታዪው ታዝኛለሽ፣ ማድያት በማድያት። ስትመጣ እንኳ ሰላጣ ሰላጣ ትሸታለች።»

ሳሎኑ ሳቀ።

«ውይ! ምንሽ ናት?» አለች አስተማሪዋ።

«ዘመዴ ናት አልኩሽ» አለች ሚጣ፤ ትንሽ ቆየት ብላም፣ «የሩቅ» አለች።

እትዬ ከጨርቁ ስር እጇን ጨበጠች። አጃው ቢወሰድ፣ አጃ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ማሩም እንደዚያው። «ሰላጣ» ያለውም ደንበኛ እንዳልነበረ አሁን ገባት፤ እሱንም ትችለዋለች። የሩቅ ግን ስንት ሜትር ነው? በአንድ ማኅፀን ተኝተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ አድገው፣ ያቺን ልጅ ሌሊት እንዳትቧጨር እጆቿን በእጆቿ ይዛ አንግታ፣ ይህ በየትኛው ሜትር ነው የሩቅ የሚሆነው? እንባዋ ከኪያሩ ስር ወጥቶ ወደ ጆሮዋ ወረደ። በጎን ስለሄደ ፊቷን አልሰነጠቀውም። እንባዋ እንኳ ደንብ አክብሯል።

መጋረጃው ተገለጠ። ሚጣ ለብ ያለ ውሃ ይዛ፣ ዜማ እያንጎራጎረች ተቀመጠች። ግንባሯን ጠረገች። ቀጥላ ቀኝ ጉንጯን።

«ፊትሽ ነቃ፣ ደህና አደ...»

ዜማውም ቃሉም ቀረ። ከፎጣው ስር የቢራቢሮው ቀኝ ክንፍ ወጥቷል። ያንን ክንፍ ሚጣ ከየትኛውም ፊት መሃል ትለየዋለች። ኪያሮቹ ወደቁ። ሁለት የተከፈቱ ዓይኖች ያዩዋታል።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች፤ አመለጣት።

ካስኩ ጠፋ። አስተማሪዋ አንገቷን አሰገገች። «ምን ሆነ? እህትሽ ናት እንዴ?»

እትዬ ተነስታ ተቀመጠች። ቀኟ ታጥቧል፤ ግራዋ ቢጫ ሆኖ ደርቋል።

«የለም፣ የኔ እመቤት» አለች ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ። «ዘመዷ ነኝ። የሩቅ።»

ሚጣ ጠጋ ብላ ክንዷን ይዛ አንሾካሾከች። «እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር። ጓዳ ሲባል ይንቃሉ፤ ስም ያስፈልገው ነበር። በእናታችን፣ ጥግዋ ዛሬም ያንቺ ናት...»

እትዬ ጨርቁን ከላይዋ አንስታ አጠፈችው። «መጋረጃው አምሮበታል» አለችና ወጣች።

በግማሽ ፊት መንገዱን አቋርጣ ሄደች። የሰፈሩ ባለሱቅ አያት፤ ስንት ዓመት ስትወጋው ኖራ ያቺን ቀን ሲጠብቅ ነበር። «እትዬ መርፌ! ግማሹን የት ጣልሽው?» ብሎ ተጣራ። ጆሮውን አቅንቶ መልሷን ጠበቀ። አልመለሰችለትም። ባለሱቁ እስከ ዛሬ ድረስ ያስደነገጠኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው ይላል።

ቤቷ ገብታ ቆለፈች። ብዙም ሳትቆይ በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ፎጣውን ይዤ መጥቻለሁ። ክፈቺልኝና ላጥብሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ። ስደቢኝ። እንዲሁ ደርቆ ይጎዳሻል እኮ። እትዬ?»

እትዬ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ግራ ጉንጯን በእጇ ደግፋለች። የምትለው ጠፍቷት አይደለም፤ ምላሷ ላይ የተሳለ መዓት ነበር። በሩ እንደገና ተንኳኳ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ በመዳፍ። ግራ ጉንጯ ግን ገና አልነቃም። በተኛ ፊት ደግሞ አይወራም፤ ይህን ከውጭ የቆመችው ከማንም በላይ ታውቃለች።