ከቦኖው በታች ያሉት ሴቶች

ዶክተር ረቢአ ግድግዳው ላይ ያሳየችን ሁለት መስመሮች አብረው ወረዱ። አንዱ የላይኛው ሰፈር ሴቶች ነው፤ ሌላው የታችኛው። ዓመት ሲሞላ የሁለቱም እንቅልፍ ማጣትና ድንጋጤ እኩል ቀንሷል።

ችግሩም እኩል መሆኑ ነበር። በግርግሩ ጊዜ ቤታቸው ከተቃጠለባቸው አርባ ሴቶች ለላይኛው ሰፈር ሃያዎቹ ዕጣ ወጥቶላቸው በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ ሲነጋገሩ፣ ትንፋሻቸውን ማረጋጋት ሲማሩ ከረሙ። የታችኛዎቹ ሃያ ግን ተራቸውን እንዲጠብቁ ተነገራቸው። የትምህርቱ ጥቅም የሚለካው ሁለቱን በማነጻጸር ነው። ያልተማሩትም እንደተማሩት ከተሻላቸው ታዲያ ትምህርቱ ምን ሠራ?

ዶክተር ረቢአ ከአዲስ አበባ የመጣች የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት፤ ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም። ጊዜው ነው ያዳናቸው አለች። ሪፖርቱን ነገ ትልካለች። ሴቶቹ ሐሙስ ሐሙስ የሚማሩበት ቤት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ የታችኛዎቹም ተራ አይደርስም።

መጠይቁን ቤት ለቤት እየዞርኩ በታብሌት የሞላሁት እኔ ነኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በስድስተኛው ወር የታችኛው ሰፈሯ ዓዲላ ቤት ተቀምጬ ሳለ ዋናው መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፣ እስከ አራት ቆጥራ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ሐሙስ ሐሙስ የሚማሩት ይኸንኑ ነው። ማን አሳየሽ ብላት በሩን ገርበብ አድርጋ ነገረችኝ። ሁለቱ ሰፈር የሚቀዱት ካንድ ቦኖ ነው። የላይኛዎቹ መሪ እትዬ ሙሚና ሐሙስ የተማሩትን ዓርብ ጠዋት፣ ጀሪካን ተሰልፎ ተራ ሲጠበቅ፣ ለታችኛዎቹ ያካፍላሉ። እኛ ዘንድ የቀመሱትን ለጎረቤት ሳያደርሱ ማደር ነውር ነው። ዕጣ ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡም።

“እንዳትጽፈው፣ ሙሀመድኑር” አለችኝ ዓዲላ። “እትዬ ሙሚናን ያስወጡብናል።”

“ትምህርቱ ደርሶሻል ወይ?” በሚለው ሥር “አልደረሰኝም” የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ወዲህ የእሷን ጨምሮ አሥራ ሰባት ቤት እንዲሁ አደረግሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በቦርከና ወንዝ ዳር እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ከስብሰባው ስወጣ አስተባባሪያችን ካሚል ደረጃው ላይ ያዘኝ።

“ፈላስፋው፣ ፊትህ ምን ሆኖ ነው አመድ የመሰለው?”

ነገርኩት። ዞሮ በሩን አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። ይህ ከተሰማ ከሚሴ ውስጥ ታብሌት የሚያስይዘኝ መሥሪያ ቤት እንደማይኖር፣ እሱም አብሮኝ እንደሚጠፋ ነገረኝ። “ዝም በል። ሪፖርቱ ነገ ይሄዳል፤ ነገሩም አብሮት ይሄዳል።”

ዝም ልል ነበር፤ ወላሂ። ባጃጅ መያዣው ጋ እትዬ ሙሚና ቆመው ባይጠብቁኝ ዝም እል ነበር። ቤቱ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ነጠላቸውን እያጠበቁ ምን እንዳጠፉ ጠየቁኝ።

“ምንም አላጠፋችሁም። የታችኛዎቹም እናንተም እኩል ስለተሻላችሁ ነው።”

ቀረብ አሉኝ። “ስለዳንን ነው የሚዘጋብን፣ ኢልመኮ?”

ኢልመኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ወደ ቢሮው ዞርኩ።

ዶክተር ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። እሷ ተቀመጠች።

“ስንት ናቸው?”

“አሥራ ሰባት።”

“አሥራ ሰባት ጊዜ ዋሽተኸኝ አሁን በምን ልመንህ?” እጇን ዘረጋች፤ ታብሌቱን ሰጠኋት። “ነገ ጠዋት ቦኖው ጋ ታደርሰኛለህ። አፍህን ግን አትከፍትም።”

ዓርብ ነው። ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል። ዶክተር እኔን ከሩቅ፣ ግራሩ ሥር አቁማኝ ብቻዋን ወደ ሴቶቹ ሄደች። ድምጿ አይደርሰኝም። የሴቶቹ ጨዋታ ሲቋረጥ ግን አየሁ። አንዷ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ መንገድ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለቻት። እትዬ ሙሚና መሬት መሬት ያያሉ። ለእሳቸው ብለው ነው የሚሸሹት፤ በሸሹ ቁጥር ግን ዶክተር ማስረጃ ስለምታጣ ቤቱን እየዘጉባቸው ነው። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ምላሴን ነከስኩ።

ዶክተር አንድ ነገር ተናገረች። ኋላ ዓዲላ እንደነገረችኝ፣ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ነው ያለችው፤ ካንድ ውሃ የሚጠጣን ሰው ለሁለት የከፈለችው እሷ መሆኗን።

ዓዲላ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። አጠገቧ ያለችውም። ቀጥሎ ያለችውም። መንገድ የጀመሩት ሁለቱ ቆሙ፤ ዞረው አዩ፤ ተመለሱ። እትዬ ሙሚና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዶክተር በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች ትቆጥራለች፤ ትጽፋለች። ከቧንቧው ሥር ያለው ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው ግን የለም።

ስትመለስ አጠገቤ ቆመች። አሥራ ዘጠኝ ናቸው አለችኝ፤ ሁለቱን እኔም አላወቅኋቸውም ነበር።

“ስድስት ወር እንዲጨምሩልን ገንዘብ ሰጪዎቹን እጠይቃለሁ። ይፍቀዱ አይፍቀዱ አላውቅም። አንተ ግን አትኖርበትም።”

“እሺ፣ ዶክተር።”

ባጃጅ ተሳፍራ ሄደች። እኔ ግራሩን ተደግፌ እስከ አራት ለመቁጠር ሞከርኩ። ሦስት ላይ ተቋረጠብኝ። እንደገና ጀመርኩ።