ደንበኛዋ ሊና

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለው የነዚፋ ምግብ ቤት በር ላይ የጤና ተቆጣጣሪዎች የለጠፉት የንጽሕና ውጤት ከመቶ ሰባ አንድ ይላል። ዳግመኛ ካሽቆለቆለ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚመጣበትን ቀን አይናገርም።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ሐበሻ ሰው ገቡ። ነዚፋ ወዲያው ጠረጠረች። ሜኑ አላዩም፤ ወንበር አልሳቡም። ጣሪያውን ቃኙ፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፍተው ዘጉ፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰው ጣታቸውን አዩ። ተቆጣጣሪዎቹን የሚልከው ካውንቲ የእኛኑ ሰው መላክ ጀምሯል ሲባል ሰምታለች። ባጅ አለማንጠልጠላቸው ደግሞ ይበልጥ አስፈራት፤ ደብቀውታል ማለት ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ቤቱን ልይ ብዬ ነው» አሉ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ይዩ፣ ይዩ! ቤትዎ ነው» አለች፣ የሽንኩርቱን ጆንያ በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ስር እየገፋች።

ጥብስ አቀረበችላቸው። ያላዘዙትን ምግብ ምንም ሳይገርማቸው በሉ። ሊከፍሉ ሲሉ «በአላህ!» ብላ እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም አልተግደረደሩም። ይሄ የለመደ ሰው ነው አለች በልቧ።

ከዚያ ወደ ኩሽና አንገታቸውን አሰገጉ። የነዚፋ ልጅ ሊና ያለ ጓንት ሥጋ ትከትፋለች።

«ያቺ ልጅ የእርስዎ ናት?»

ነዚፋ የልጇን ባዶ እጅ አየች። «ኧረ አይደለችም! ደንበኛ ናት። እጇን ልትታጠብ ገብታ ነው።»

«ቢላዋ ይዛ?»

«እኛ ቤት ደንበኛ አይከለከልም።»

ሊና ቀና ብላ እናቷን አየች።

ሰውየው አፋቸውን ጠርገው ተነሱ። «እኔ የኑዕማን አጎት ነኝ። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት የልጅቷን ቤት አይተህ ና ብለውኝ ነበር። የነዚፋ ልጅ ናት ብለውን... እንግዲህ ተሳስተናል።»

ኑዕማን! ሊና ከእሱ ሌላ አላገባም ያለችው ልጅ።

«ልጄ ናት! ወላሂ ልጄ ናት! ከካውንቲው የመጡ መስሎኝ ነው!»

አሁን የመጠርጠሩ ተራ የአጎትየው ሆነ። «ቅድም ደንበኛ ነበረች» አሉና ወደ ኩሽናው ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ማን ናት?»

ሊና ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን ታጠበች፤ ወጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሶሪ አባባ፣ እኔ ደንበኛ ነኝ» አለች፣ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች። «ያዘዝኩት ጥብስ ቆየብኝ።»

ነዚፋ ለጥብሱ ሳህን ልታመጣ ሄደች። ከኋላዋ አጎትየው ሲስቁ ሰማች።

«ስትዋሽ እንኳን ፊቷ አይለወጥም፤ ቁርጥ እናቷን!»