የስንዱ ዐረፍተ ነገር

ኅዳር ስምንት ቀን፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ተማሪዬ ስንዱ አጥናፌ የንባብ ትምህርት የምናይበት ስክሪን ውስጥ ገባች። ጩኸት አልነበረም። አንድ እግር ጫማዋ ከዴስኩ ሥር ቀረ፤ አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

የማስተምረው አራተኛ ክፍል ሐን ነው። ስልሳ አንድ ተማሪዎች አሉኝ። አሥራ አራቱ አጥርተው ያነባሉ። ሃያ የሚሆኑት ፊደል እየቆጠሩ ይደርሳሉ። የቀሩት ፊደላቱን የሚያውቋቸው የሠፈር ሰው እንደሚታወቅ ነው፤ መልካቸውን እንጂ ስማቸውን አያውቁም። ስክሪኑ የመጣው ለእነዚህ ነው ተባለ። ሥዕል ያሳያል፤ ከሥዕሉ ሥር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ «አንብባችሁ ጨረሳችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ከላዩ ባለችው ካሜራ የወጡ እጆችን ይቆጥራል። ሁሉም እጅ ካልወጣ ይጠብቃል። ይህን ያሰበ ሰው ደግ ሰው ነው።

ያላሰበው እኛን ነው። በትምህርት ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ተማሪ እጁን ያወጣል፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ይጠራል፤ እንግዳውም ረክቶ ይሄዳል። ይህን ዘዴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ። ስክሪኑ በተሰቀለ ዕለት ልጆቹ እንግዳ መጣ ብለው ስልሳ አንድ እጅ አወጡ። ካሜራዋ ግራና ቀኝ አትለይም። ሲጀምር ሃያ ሰከንድ ይጠብቅ የነበረው ስክሪን፣ ሁሉም ፈጣን አንባቢ መስሎት፣ በሦስተኛው ሳምንት በአራት ሰከንድ ማለፍ ጀመረ።

ስንዱ ግራ እጇን አውጥታ፣ በቀኝ ጣቷ ገና ሁለተኛውን ቃል ስትከተል አራቱ ሰከንድ አለቀ። ስክሪኑ «በጣም ጥሩ» አለ። ቀጥሎ ባሳየው ሥዕል ውስጥ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሥሯ «ስንዱ ቃሉን እየፈለገች ነው» ይላል። ሌሎቹ ልጆች ቀልጠፍ አድርገው አነበቡት፤ ማንበብ የማይችሉትም ጭምር። ሳምንት ሳይሞላ እሷን ጨምሮ ዘጠኝ ልጆች ገቡ፤ የክፍሉ ውጤትም ጨመረ። አንጀቴን ያሳረረው ይህ መጨመሩ ነው።

ወደ ርዕሰ መምህሩ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ሄድኩ።

«ዘጠኝ ልጆች ስክሪኑ ውስጥ ናቸው» አልኳቸው።

«ክፍል ውስጥ ናቸው ማለት ነዋ። ቀሪ ብለህ እንዳትጽፍ።»

«ስክሪኑ ይውረድልን።»

«ውጤት በጨመረበት ሴሚስተር? አንተ ደግሞ።»

ሐሙስ ዕለት መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከውስጡ ግን ልጆች ሲያስሉ ሰማን። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደንዝዞ ቆየ። በዚያች ደቂቃ ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ተካልኝ ከሥሩ የተጻፈውን እየቆጠረ አንብቦ ጨረሰና ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ስምንት ቀሩ።

የስንዱ እናት ወይዘሮ አልጋነሽ ጉልት ሽንኩርት ይሸጣሉ። ልጃቸው በገባች በስምንተኛው ቀን መጥተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

«ከስታለች» አሉ።

«አዎ።»

«እንዴት ነው የምትወጣው?»

«የራሷን ዐረፍተ ነገር አንብባ ስትጨርስ። ጊዜ ነው ያጣችው።»

«ጊዜዋን የበላው ማነው?»

«እኛ ነን፣ እናቴ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጉልታቸው ሄዱ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በስክሪኑ ስናደድ ነበር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ወደ ክፍል ገብቼ «ከነገ ጀምሮ ያልጨረሰ ግራውንም ቀኙንም አያወጣም» አልኩ። ልጆቹ የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘር መጣ። ከአቶ ልሳነወርቅ ጋር ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አልጋነሽ በር ላይ ቆመዋል። ስንዱ ያለችበት ሥዕል ሲመጣ ስክሪኑ «አንብባችሁ ጨረሳችሁ?» ሲል አሥራ አራት እጅ ብቻ ወጣ። ስክሪኑ ጠበቀ። አንድ ደቂቃ ሞላ። ሁለት ሞላ። ስንዱ ከድንጋዩ ተነሥታ ጎንበስ አለችና ጣቷን ከሥሯ በተጻፈው ላይ አሳረፈች።

«ስንዱ... ቃ... ቃሉን...» የሚል ድምፅ ከድምፅ ማጉያው መጣ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«እየጠበቀ ነው» አልኩ።

«ማንን?»

«ስምንት ልጆችን።»

ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን አየ።

«እየ... እየፈ... እየፈለ...» አለች ስንዱ።

አቶ ልሳነወርቅ ለሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አሉና እጃቸውን አወጡ። ልጆቹ ዘወር ብለው አዩአቸው። ከዚያ ከኋላ ረድፍ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉም አወጡ።

«አውርዱ» አልኩ።

አላወረዱም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ስክሪኑ «በጣም ጥሩ» አለና ገጹን አለፈ። ቀጥሎ የመጣው ሥዕል ሜዳ የሚሰነጥቅ ረጅም መንገድ ነበር። ስምንት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ፤ ብዙ ርቀዋል። ወይዘሮ አልጋነሽ በቀስታ «ስንዱ» ብለው ተጣሩ። ከስምንቱ የትኛዋ እንደሆነች እኔም መለየት አልቻልኩም።

ከሥዕሉ ሥር ምንም አልተጻፈም። ክፍሉ ግን በአንድ ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት፣ ማንበብ ጀመረ።