ለፍሬን የተጠራ ስብሰባ

ሰውየው በመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በሰፈሩ ግን በማዕረጉ የሚጠራው የለም። ከጀርባው «ጋሼ አጀንዳ» ይሉታል። የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ቢጠራ እንኳ «በመጀመሪያ አጀንዳውን እናጽድቅ» ሳይል ስለማይጀምር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ «የመኪናዬን የፍሬን ዘይት ራሴ ልቀይር» ሲል የሚከለክለው ሰው ያስፈልገዋል። ሚስቱ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አንተ፣ ጋራዡ እኮ ሦስት ቤት አልፎ ነው» ብላው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጁ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለሄደ ወላጆቿ ቤት ናት፤ ለሰኞ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ ቀጥሯታል። ሆስፒታሉ ያለው ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ነው። «ሌላ ማንም አይወስድሽም፣ እኔ ነኝ የምወስድሽ» ብሏት ነበር። እሷ ስትወለድ እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። በዚህ ነገር ማንም ወቅሶት አያውቅም፤ አለመወቀሱ ነው የበለጠ የሚያንገበግበው። ስለዚህ መኪናውን ከጎማው እስከ መጥረጊያው ማሳመር ፈልጎ ዘይቱ ላይ ደረሰ።

አቀያየሩን በስልኩ ቪዲዮ አይቷል። ያየው ግን የቢሮ ሪፖርት በሚያነብበት ዘዴ ነው፤ መግቢያውንና መደምደሚያውን። መሃሉ ለበታች ሠራተኞች ነው ብሎ ያምናል። መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ የሚስቱን ወንድም መሪው ጋ አስቀምጦ ፔዳሉን አስረገጠ፣ እሱ ደግሞ በየጎማው ዞሮ ትንሿን ብሎን እየከፈተ ጥቁሩን አሮጌ ዘይት በቀጭን ቱቦ አስወጣ። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቶ አዲሱን ዘይት እስከ ምልክቱ ሞላና እጁን ታጠበ። ከዚያ ገብቶ ፍሬን ያዘ። ፔዳሉ ምንም ሳይከራከር ወለሉ ድረስ ወረደ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ የታዘዘለት ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን ደስ አላለውም።

ልጁ ሆዷን በእጇ ደግፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ይቆማል?»

«ይቆማል» አለ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመርህ ደረጃ።»

«እኔ የምወልደው በመርህ ደረጃ አይደለም። ታክሲ እጠራለሁ» ብላ ገባች።

ብልህ ሰው ቢሆን ይሄኔ ወደ ጋራዡ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባ ለመጥራት ደግሞ ሰፈር አይቸግርም፤ ኮፈን የተከፈተ መኪና ካለ ሰው ራሱ ይመጣል። ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር መጣ። ጎረቤቱ ኤሌክትሪሺያንም መጣ። ጋሼ አጀንዳ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ከፈተ። ኤሌክትሪሺያኑ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስላለው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነ።

«ገመዱ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ገና ብዕሩን ሳይከፍት።

«ፍሬን ምን ገመድ አለው?» አለ ሹፌሩ። «የዛሬ መኪና ልቡ ለስላሳ ነው። እኛ ድሮ ያንን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት ስንነዳ ፍሬን የምንይዘው በእግራችን ብቻ አልነበረም፤ በአንጀታችን ጭምር ነበር።»

የሚስቱ ወንድም ደግሞ ጥፋቱ እንዳይመጣበት ሰግቶ «ምናልባት የጫማዬ ሶል ወፍሮ ይሆን?» አለ። ይህም ተጻፈ።

ከአንድ ሰዓት ውይይት በኋላ አየር ገብቷል በሚለው ተስማሙ። እውነት ነው፣ ገብቷል። ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትለው ሲረግጡት ፔዳሉ ትንሽ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሰምጣል፤ ይሄ የአየር ጠባይ ነው። የሥራ ክፍፍል ወጣ። ረጋጭ ተሾመ፣ የብሎን ኃላፊ ተሾመ፣ አስተባባሪ ተሾመ፣ የአስተባባሪው ረዳትም ሳይቀር ተሾመ። ችግሩ ሁሉም ማዘዝ መፈለጋቸው ነበር። አንዱ «ያዝ!» ሲል ሌላው «ልቀቅ!» ይላል፤ ረጋጩ የቱን እንደሚሰማ ጨንቆት ግማሹን ይለቃል፤ ብሎኑም ገና ሳይዘጋ ዘይቱ የተወውን ቦታ አየር ይገባበታል። አራቱን ጎማ ሦስት ጊዜ ዞሩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ፔዳሉ ጭራሽ ከጠዋቱ የባሰ ለሰለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስቱ ከሥራ መጣች። አዋላጅ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲጮህ ቢያድር ድምጿን ከፍ አታደርግም። ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቀለች። አራት ትልልቅ ወንዶች በጥቁር እጃቸው ላባቸውን ሲጠርጉ አየቻቸውና ወደ ተከፈተው ኮፈን ሄደች። የዘይት ማጠራቀሚያውን ጎንበስ ብላ አየች። ባዶ ነበር። በእያንዳንዱ ርግጫ ዘይቱ ከታች ሲወጣ ከላይ የሞላለት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ከላይ የሚገባው አየር ብቻ ነበር።

«ይህን ዕቃ የሚያየው ማን ነው?»

ሁሉም ቃለ ጉባኤ ያዡን ተመለከቱ። እሱም ሁለት ገጽ ገለበጠ።

«አልተመደበም» አለ በትህትና።

«በእኛ ማዋለጃ ክፍል የሚናገረው አንድ ሰው ነው» አለች ሚስትየው። «ዛሬ እኔ ነኝ። ጋሼ ሹፌር፣ እርስዎ እዚህ ቆመው ይህን ዕቃ ብቻ ይዩ፤ ከግማሽ ከወረደ ይሙሉ። ሌላ ነገር አያስቡ። ወንድሜ፣ ግባና ርገጥ። አንተ ከኋላው ጎማ ጀምር፣ ከሩቁ።»

ጋሼ አጀንዳ አጀንዳውን ሳያጸድቅ ተንበረከከ።

«ርገጥ። ርገጥ። አንዴ ድገምልኝ። አሁን ያዝ፣ እንዳትለቅ!» ዞር ብላ ባሏን «ክፈት» አለችው። በቱቦው ውስጥ አረፋ ተንቦልቡሎ ወጣ። «ዝጋ። አሁን ልቀቅ፣ ተንፍስ።» ወንድሟ እውነትም እስትንፋሱን ይዞ ኖሮ በረጅሙ ተነፈሰ። «ጎበዝ፣ በጣም ጎበዝ» አለችው፤ ለሁሉም እንዲህ ማለት ለምዶባታል። ከቤት ውስጥ የልጅቷ ሳቅ ተሰማ።

በአራተኛው ጎማ አረፋው ቆመ። ጋሼ አጀንዳ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠ። ገና ከላዩ ጠንክሮ ቀጥ አለበት። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ እየቆመም ሞከረ፤ ደህና ነበር። ተመልሶ ሲገባ ልጁ ስልኳን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከመኪናው ወርዶ ኮቱን አስተካከለ።

«እንግዲህ በጋራ ርብርብ ችግሩ ተፈቷል። የታየውም ክፍተት የሁላችንም...»

«አባዬ» አለች። «ያንን ዕቃ ማየት የነበረበት ማን ነው?»

«እንግዲህ እንደ ኮሚቴ ስናየው...»

ልጅቷ የታክሲውን ቁጥር መፈለግ ጀመረች። አልተቆጣችም፤ ቢያንስ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ዙሪያውን ተመለከተ። ሹፌሩ ሰማይ ያያል፤ የሚስቱ ወንድም የጫማውን ሶል ይመረምራል። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት መልስ ሰጥቷል፤ በአንዱም ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል አልነበረም። ፊቱ ደም መሰለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቪዲዮውን መሃሉን ዘልዬዋለሁ። መጠየቅም አፍሬ ነው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ብዕሩን አነሳ፣ ከዚያ ትንሽ አስቦ ወረቀቱን አጠፈው።

ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቀጠሮዬ» አለችው። «ከፊት ነው የምቀመጠው። ቁልቁለቱን ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እሺ ልጄ» አለ።