የተገፋችው «በቀስታ»

የኦርኬስትራችንን ኖታ በኮምፒውተር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በአጎቴ የትራምፔት ገጽ ላይ «በቀስታ» የምትለው፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መንፋትን የምታዝ ምልክት ከገጹ ቁጥር ጋር ተደራርባ ዓይኔን ስለወጋችው፣ በማውስ ጎትቼ ወደ ታችኛው መስመር አወረድኳት። ገጹ አማረ፤ እኔም ራሴን አደነቅሁ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሌላው ሁሉ ሲያንሾካሹክ አጎቴ ብቻ ጣሪያ የሚነቅል ድምፅ ለቀቀ። የኦርኬስትራው መሪ መምሪያ ዘንጉን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ጡረታ ወጣ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ አብሬ ሳቅሁ። አጎቴ ይቅርታ ጠየቀና ለብቻው የሚነፋውን ክፍል በገዛ አፉ ለሌላ ሰው ለቀቀ።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ትራምፔቱን ሲወለውል አገኘሁትና ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

«ምልክቷን ያነሳኋት እኔ ነኝ። እንዲያምር ብዬ ነው።»

መወልወሉን ተወ። «እኔም ቦታዋ እዚያ አልመሰለኝም ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት የነፋሁት ሙዚቃ ነው እኮ።»

«ታዲያ እንደምታውቀው አትነፋውም ነበር?»

«ያዘጋጀኸው አንተ ነሃ። ልጁ አይሳሳትም፣ የረሳሁት እኔ ነኝ ብዬ ጆሮዬን ተውኩትና አንተን አመንኩ።»

ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

እጁን ይዤ ወደ አዳራሹ መለስኩት። መሪው ገና አልወጣም፤ የሳቁትም ሁሉ እዚያው ነበሩ። ሁሉም እንዲሰማኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።