የአስማረ ተርቦች

አስማረ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈተጊያ አለው። ስለ አትክልት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ይህንን ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደብረ ታቦር መንገድ ዳር፣ ትልቅ የፕላስቲክ ቤት አሠርቶ ቲማቲም ሲያስተክል ሰገንን ቀጠረ። ሰገን ከደብረ ብርሃን የመጣች የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት።

ቲማቲሙን ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት ሲወሩት ሰገን መርዝ አላስረጨችም። ሁለት ዓይነት ነፍሳት ከአዲስ አበባ አስመጥታ ለቀቀች። አንዱ ከቁንጫ የሚያንስ ተርብ ነው፤ በነጭ ዝንቡ እጭ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ሌላው ቀይ ሸረሪቱን እያሳደደ ይበላል። አስማረ ሳቀ። ተባይ የምታረባ ባለሙያ አገኘሁ እያለ በየሻይ ቤቱ አወራ።

ሰገን ለለቅሶ አገሯ በሄደችበት ሳምንት አስማረ ከቅጠሎቹ ሥር ጥቋቁር ነጠብጣብ አየ። ተርቡ የገባበት እጭ እንደሚጠቁር ነግራው ነበር፤ እሱ ግን ያኔ ስልኩን ነበር የሚያየው። አዲስ በሽታ ገባ ብሎ፣ ኃይለኛ የተባለ መርዝ ገዝቶ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አስረጨ።

ተርቡም ሸረሪቱን የሚበላውም አለቁ። ነጭ ዝንቡ ግን መርዙን የለመደ ነበርና ብዙም ሳይቆይ በእጥፍ ተመለሰ። ከዝንቡ በሚወጣ ፈሳሽ ቅጠሉ ተዝለግልጎ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ለበሰ።

ሰገን ስትመለስ አስማረ በሩ ላይ ጠብቆ፣ ትሎችሽ ከዱኝ አላት። ገብታ አየች። ድምጿን ከፍ ሳታደርግ መለሰችለት።

«አልከዱዎትም፣ ጋሼ አስማረ። እርስዎ ነዎት የፈጇቸው። ያ ጥቁር ነጠብጣብ መዳኛዎ ነበር።»

አስማረ ዙሪያውን አየ፤ የሚያላክክበት ሰው አጣ። ምን ይሻላል አላት። ተክሉ ተነቅሎ ይቃጠል፣ የመርዙ ጉልበት እስኪጠፋ ቤቱ ባዶውን ይክረም፣ ከዚያ እንደገና እጀምራለሁ አለችው።

«እርስዎ ግን ከእንግዲህ ወደ ውስጥ አይገቡም» አለችው።

እምቢ ቢል ጥላው እንደምትሄድ ስላወቀ ተስማማ።

ዘንድሮ ቲማቲሙ አምሮበታል። አስማረ እንግዳ ባመጣ ቁጥር ከፕላስቲኩ ውጭ ቆሞ፣ ተርቡን እንዴት አስቦ እንዳስመጣው ይተርካል። የትኛው የትኛውን እንደሚበላ ዛሬም ያምታታዋል። ሰገን ከውስጥ ትሰማዋለች፤ ልታርመው ግን ቃል አታባክንበትም።